የሣር ጥራትና የብድር ዋስትና፦ ከዙሪክ መስኮች እስከ ቦረና ግጦሽ

ከዙሪክ ከተማ ጋር ኩታ ገጠም በሆነችው በዋሊሰለን ዳርቻ ሁለት የሣር መስኮች ጎን ለጎን ተዘርግተው ይታያሉ። ሚያዝያ ሳያልቅ አንደኛው መስክ በማጨጃ ትራክተር ተላጭቶ ያድራል። ሣሩ ገና አላበበም፤ ቅጠሉ ለስላሳ፣ አገዳው ቀጭን ነው። ሁለተኛው መስክ ግን ሳይነካ ይቆያል፤ አበባው ይፈነዳል፣ ንቡና ቢራቢሮው ይሰፍርበታል፣ ሣሩም እየጠነከረ ይሄዳል። እርሱ የሚታጨደው ከሰኔ 8 ቀን (ከአውሮፓውያኑ ጁን 15) በኋላ ነው። ሁለቱም የአንድ ገበሬ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው በሣሩ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በውሉ ላይ ነው። ከመጀመሪያው መስክ ገበሬው ወተት ያገኛል፤ ለሁለተኛው ደግሞ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ክፍያ ከመንግሥት ይቀበላል። ሣሩ ሲዘገይ የመኖ ጥራቱ እንደሚቀንስ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ለጠፋው ጥራት ዋጋ ተተምኖለታል።

ይህን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አጎቴ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በሱሉልታ አቅጣጫ፣ አራት የተዳቀሉ ላሞች ነበሩት። ኅዳር ላይ ድርቆሽ ሲረክስ ገዝቶ ለመከመር ገንዘብ አልነበረውም፤ ግንቦት ላይ ገንዘብ ሲያገኝ ደግሞ ድርቆሹ ተወድዶ ይጠብቀዋል። አንድ ዓመት ብድር ሊጠይቅ ወደ ባንክ ሄደ። የተጠየቀው የቤት ካርታ ነበር። ላሞቹ ተደማምረው ከቤቱ ያላነሰ ዋጋ ያወጡ ነበር፤ ነገር ግን በባንኩ ዓይን ላም ዋስትና አልነበረችም። በዚያው ዓመት ከአራቱ ሦስቱን ለማብላት ሲል አራተኛዋን፣ ከሁሉ የምትሻለውን ታላቢ፣ ሸጠ።

የአጎቴ ችግር ሁለት ይመስላል፤ አንዱ የመኖ፣ ሌላው የገንዘብ። በቅርበት ሲታይ ግን ሁለቱም የመለኪያ ችግሮች ናቸው። የሚገዛው ድርቆሽ ምን ያህል ምግብ እንደያዘ አያውቅም፤ ባንኩም ላሟ ምን ያህል እንደምታወጣና ነገ በሕይወት ስለመኖሯ አያውቅም። ያልተለካ ነገር አይታመንም፤ ያልታመነ ነገር ደግሞ ብድር አያስገኝም።

ጭዱ የሚደብቀው ነገር

ኢትዮጵያ በከብት ሀብቷ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጥናት መሠረት በሀገሪቱ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አለ። ይህ ሁሉ ከብት ምን ይበላል ለሚለው ጥያቄም ያው ተቋም መልስ ይሰጣል። ከመኖው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተፈጥሮ ግጦሽ ነው፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ የሰብል ተረፈ ምርት፣ ማለትም ጭድ፣ ገለባና አገዳ ነው። ተሻሽሎ የሚዘራ መኖ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ገለባ የተሻለ እንደሆነ ገበሬው ከሳይንቲስቱ ቀድሞ ያውቃል። ያም ሆኖ በጭዱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በደረቅ ክብደቱ ከመቶ 5 ገደማ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተፈጥሮ ወሰን አለ። ላም ሣር የምትፈጨው በራሷ አቅም ብቻ አይደለም፤ በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሣሩን ጭረት የሚሰባብሩላት። እነዚህ ተሕዋስያን ለመራባት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። የመኖው ፕሮቲን ከመቶ 7 ገደማ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል፤ መኖው በጨጓራ ውስጥ ይቆያል፤ ላሟም ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። በበጋ ወራት ጭድ ተከምሮላቸው ሳለ አጥንታቸው የሚቆጠር ከብቶችን ያየ ሰው ያየው ይህንኑ ነው።

ቀላል ስሌት ነገሩን ያብራራል። በቀን 10 ሊትር ወተት የምትሰጥ መካከለኛ ላም በደረቅ ክብደት 10 ኪሎ ግራም ያህል መኖ ትበላለች እንበል፤ የሚያስፈልጋት ፕሮቲን ወደ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ይጠጋል። አሥሩም ኪሎ የጤፍ ጭድ ቢሆን የምታገኘው 500 ግራም ብቻ ነው። አሁን ጭዱን ወደ 5 ኪሎ ተኩል እናውርድ፤ 3 ኪሎ የደረቀ አልፋልፋና 1 ኪሎ ተኩል የኑግ ፋጉሎ እንጨምር። አልፋልፋው ከመቶ 18፣ ፋጉሎው ከመቶ 30 ገደማ ፕሮቲን አላቸው። ድምሩ 1 ኪሎ ከ265 ግራም ይሆናል። የመኖው ክብደት አልጨመረም፤ የተለወጠው በውስጡ ያለው ነገር ነው።

ገበያው ግን ይህን አያይም። ድርቆሽ የሚሸጠው በእስር ነው። እያንዳንዳቸው 15 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት እስሮች እንውሰድ፤ አንደኛው በወቅቱ የታጨደና ከመቶ 9 ፕሮቲን ያለው፣ ሁለተኛው ዘግይቶ የታጨደና ከመቶ 5 ብቻ ያለው ይሁን። በመጀመሪያው ውስጥ 1 ኪሎ ከ350 ግራም ፕሮቲን አለ፤ በሁለተኛው 750 ግራም። ዋጋቸው ግን አንድ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ በወቅቱ የሚያጭድ ሰው ተጎጂ ነው፤ ሣሩ አድጎ ክብደት እስኪጨምር መጠበቅ ያዋጣዋልና። ጥራት ያልተከፈለበት ገበያ ጥራትን ያጠፋል።

በብርሃን መመዘን

የመኖን ፕሮቲን የመለካት ታሪክ ወደ 1883 እ.ኤ.አ. ይወስደናል። ዮሐን ኬልዳል የተባለው ዴንማርካዊ ኬሚስት በኮፐንሃገን በካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ሳለ ናሙናን በሰልፈሪክ አሲድ አፍልቶ ናይትሮጅኑን የሚለካበትን ዘዴ አወጣ። የተገኘው ናይትሮጅን በ6.25 ሲባዛ የፕሮቲን ግምት ይገኛል። ዘዴው ዛሬም የታመነ ነው፤ ነገር ግን አሲድ፣ ሰዓታትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ዛሬ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ከጎኑ የተሰለፈው ዘዴ ብርሃንን ይጠቀማል። የሰው ዓይን ከሚያየው ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ኢንፍራሬድ የሚባል የማይታይ ብርሃን አለ። ለቀዩ በሚቀርበው ክፍል፣ ከ780 እስከ 2500 ናኖሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት፣ ሃይድሮጅን ከካርቦን፣ ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር የሚፈጥራቸው ትስስሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሞገድ ይመጥጣሉ። ደርቆ የተፈጨ ሣር ላይ ይህ ብርሃን ሲያርፍ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን በውስጡ ያለውን ፕሮቲን፣ ጭረትና እርጥበት አሻራ ይዞ ይመጣል። መሣሪያው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውጤቱን ያወጣል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ መሣሪያው አስቀድሞ በኬልዳልና በመሰል ዘዴዎች በተለኩ በርካታ የአካባቢው ናሙናዎች መሠልጠን አለበት። በስዊዘርላንድ ሣር የተማረ መሣሪያ ስለ ጤፍ ጭድ ሊመሰክር አይችልም።

ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር መቀመጫ ናት፤ ያኔ የተቋቋመው ማዕከል ኋላ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አካል ሆኗል። ተቋሙ በአዲስ አበባ ግቢው መኖን በኢንፍራሬድ ይመረምራል። በዚያው ያለው የመኖ ዘር ባንክም ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ ናሙናዎችን ይዟል። በሆለታና በባሕር ዳር አቅራቢያ ባለው በአንዳሳ የሚገኙ የምርምር ማዕከላትም ለዓመታት በመኖ ላይ ሠርተዋል። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ከቤተ ሙከራው በር እስከ ድርቆሽ ተራ ያለው መንገድ ነው።

ስዊዘርላንድ ለሣር የምትከፍለው

ዙሪክ ይህን መንገድ መጥረግ የጀመረችው ቀደም ብላ ነው። የሣርና የማገጥ ዘር እውነተኛነቱና ጥራቱ የሚመረመርበት ጣቢያ በከተማዋ በ1878 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ተቋም ሆነ። በዘመኑ ነጋዴው ለገበሬው አሸዋና አረም የተቀላቀለበት ዘር ይሸጥ ነበርና ምርመራው የመተማመኛ መሣሪያ ነበር። የዚያ ጣቢያ ወራሽ አግሮስኮፕ ዛሬ በዙሪክ ሬከንሆልዝ ይሠራል። ከ1955 ጀምሮም ለየአካባቢው የሚስማሙ፣ ሣርን ከማገጥ ጋር ያዋሃዱ መደበኛ የዘር ድብልቆች ለገበሬው ይቀርባሉ። ማገጥ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚወስድ ማዳበሪያን ይቆጥባል፤ የመኖውንም ፕሮቲን ከፍ ያደርጋል። በኢትዮጵያ ደጋ ሀገር በቀል የማገጥ ዝርያዎች በክረምት ሜዳውን አልብሰው እንደሚታዩ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም።

ከሀገሪቱ የእርሻ መሬት 70 በመቶ ያህሉ ሣር ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት በሣር ላይ ለተመሠረተ የወተትና የሥጋ ምርት ልዩ ክፍያ ይሰጣል። ይህን ለማግኘት ከከብቶቹ ዓመታዊ መኖ በሜዳማው ክፍል ቢያንስ 75 በመቶ፣ በተራራማው 85 በመቶ ከመስክና ከግጦሽ የተገኘ መሆን አለበት። ለእርሻ ሕንፃና ለመሰል ግንባታ ደግሞ ወለድ የማይከፈልበት የመዋዕለ ንዋይ ብድር አለ። የቀጥታ ክፍያዎቹ ድምር በዓመት 2.8 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ይደርሳል።

ይህን ገልብጦ መውሰድ አይቻልም። ሀብታም ሀገር ጥቂት ገበሬዎቿን የምትደግፍበት ሥርዓት ነው፤ እንከንም አለው፤ ስዊዘርላንድ ዛሬም አኩሪ አተርን ጨምሮ ብዙ የተመጣጠነ መኖ ከውጭ ትገዛለች። መማር የሚቻለው ከገንዘቡ መጠን ሳይሆን ከአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። እያንዳንዷ ላም በጆሮዋ ላይ ቁጥር አላት፤ ከልደት እስከ ሞት በአንድ የመረጃ ቋት ትመዘገባለች። መኖው የታወቀ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ አለው። ድርቅ ሲመጣም ኢንሹራንስ አለ። አበዳሪው የሚያምነው ገበሬውን ብቻ ሳይሆን ይህን ሰንሰለት ነው።

ብርሃኑ ከሰማይ ሲመለከት

ኢንሹራንሱ ላይ ስንደርስ ያ የማይታይ ብርሃን ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሰማይ ነው። ለምለም ቅጠል ቀይ ብርሃንን ለምግቡ ይመጥጣል፤ ለቀዩ ቅርብ የሆነውን ኢንፍራሬድ ግን መልሶ ያንጸባርቃል። የደረቀ መሬት እንዲህ ዓይነት ልዩነት የለውም። ሳተላይት ሁለቱን ለክታ ልዩነታቸውን ለድምራቸው ስታካፍል የመስኩን ልምላሜ የሚያሳይ አንድ ቁጥር ይገኛል። ይህ ስሌት በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሰፊ የሣር ሜዳዎች ላይ ተፈትኖ በዓለም የተስፋፋ ነው።

በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የሠራው ኬንያዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አንድሩ ሙዴና ባልደረቦቹ በዚህ ቁጥር ላይ ኢንሹራንስ ገነቡ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። በሰፊ በረሃ የሞተን ከብት እየዞሩ መቁጠር ውድ ነው፤ ለማጭበርበርም ይመቻል። በምትኩ የአካባቢው ልምላሜ ከዓመታት አማካይ ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ፣ ውል የገባ ሁሉ ማንም ሳይመረምረው ይከፈለዋል። ሥራው በጥር 2010 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኬንያ በማርሳቢት ተጀመረ፤ በ2012 ደግሞ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ አማካይነት ወደ ቦረና ተሻገረ። በ2018 በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በሶማሌ ክልል ተመሳሳይ መርሐ ግብር ተከፈተ። ሙዴም ለሥራው የ2016ን የኖርማን ቦርሎግ የመስክ ምርምር ሽልማት ተቀበለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዙሪክ ከተመልካችነት ያለፈ ድርሻ አላት። የማርሳቢቱን ውል የመድን ዋስትና የሰጠው፣ ማለትም ኢንሹራንስ ሰጪውን ራሱን የመድን ዋስ የሆነው፣ በዙሪክ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ስዊስ ሪ ነው። ይኸው ኩባንያ በ2009 በትግራይ በአዲ ሃ ቀበሌ 200 የጤፍ ገበሬዎች የገቡበትን የዝናብ ኢንሹራንስ ከኦክስፋም አሜሪካና ከትግራይ ማኅበረ ረድኤት ጋር ደግፏል። በዚያ መርሐ ግብር አረቦኑን በገንዘብ መክፈል የማይችሉ ገበሬዎች በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በጉልበታቸው እንዲከፍሉ ተደርጎ ነበር። በጄኔቫ የሚገኘው የዓለም የሥራ ድርጅትም ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች የሚሆን ኢንሹራንስ ላይ የሚያተኩር ክፍል አለው።

ድርቅ የድሀ ሀገር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የዙሪክ ገበሬዎችም በ2018ና በ2022 አይተዋል። መቀመጫውን በዙሪክ ያደረገው የስዊስ የበረዶ መድን ማኅበር ከ2016 ጀምሮ ለሣር መስኮች በዝናብ ጉድለት ቁጥር ላይ የተመሠረተ ኢንሹራንስ ይሸጣል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት የድርቅና የውርጭ ኢንሹራንስ አረቦንን 30 በመቶ ይጋራል። የቦረናው አርብቶ አደርና የዋሊሰለኑ ገበሬ በሀብት አይገናኙም፤ የሚፈሩት ነገር ግን አንድ ነው።

የሳተላይቱ ዓይን ግን ጉድለት አለበት። ልምላሜን ያያል እንጂ ጥራትን አያይም። ቦረና ውስጥ ግጦሹን የወረረው ቁጥቋጦና አፋር ውስጥ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ ከላይ ሲታዩ አረንጓዴ ናቸው፤ ላም ግን ልትጠግብባቸው አትችልም። ሳተላይቱ መስኩ ለምቷል ባለበት ጊዜ በረት ውስጥ ከብት ሊሞት ይችላል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ ቁጥሩና እውነታው ሲለያዩ ውል የገባው ሰው ከሰማይ ላሙ ምንም አያልብም። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረና የደረሰው እልቂት ሌላም ነገር አሳይቷል። ኢንሹራንስ ለአንድ ክፉ ወቅት መሻገሪያ ነው እንጂ ለማያባራ ድርቅ ብቻውን መልስ አይሆንም። ቦረናዎች ከብቱ ያለቀበትን ሰው መልሰው የሚያቋቁሙበት ቡሳ ጎኖፋ የተባለ የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደኽይ ግን እርሱም ይጨነቃል።

ባንኩ ላሟን መቼ ያምናል?

ሕጉ ከአጎቴ ዘመን ወዲህ ተለውጧል። በተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሰጥ የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትን፣ ሰብልንና የእርሻ መሣሪያን በዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል፤ በብሔራዊ ባንክ ሥርም የዋስትና መዝገብ ተቋቁሟል። ከዓመታት የገጠር ብድር ሥራ በኋላ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ጸደይ ባንክ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ ዶሮ፣ እንቁላልና ማርን የፖሊሲ ትኩረት አድርጓል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅም ለረጅም ዘመን ዝግ የነበረውን ዘርፍ ለውጭ ባንኮች ከፍቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የተመሠረተውን ብሉ ኦርቻርድን የመሰሉ፣ ለአነስተኛ ብድር ተቋማት ገንዘብ የሚያቀርቡ የስዊስ ባለሀብቶች እንዲህ ያለውን ለውጥ በቅርብ እንደሚከታተሉ መገመት አያዳግትም።

ሆኖም ሕግ ላምን ዋስትና ሊያደርጋት ይችላል፤ የሚያስተማምን ዋስትና የሚያደርጋት ግን ሌላ ነው። የብድር ባለሙያው ሦስት ጥያቄዎች አሉት። ይህች ላም በእርግጥ የዚህ ሰው ናት? ብትሞትስ? ብድሩን የሚከፍል ወተት ትሰጣለች? ለመጀመሪያው የጆሮ ቁጥርና ምዝገባ ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ኢንሹራንስና የእንስሳት ሐኪም። ሦስተኛው ወደ መኖው ይመልሰናል፤ ያለ መኖ ዕቅድ ለተዳቀለች ላም መግዣ የተሰጠ ብድር ለመክሰር የተሰጠ ብድር ነውና።

የመኖ ብድር ከላም ብድር ያነሰና የፈጠነ ሊሆን ይችላል። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ የተገኘው የዴሾ ሣር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግንጣዩን በእርከን ጫፍና በጓሮ መትከል ይቻላል፤ አፈር ይይዛል፤ ዝናብ ካገኘ በሦስትና በአራት ወር ለመጀመሪያ አጨዳ ይደርሳል። መሬት ለጠበበው ገበሬ ይህ ከእህል ጋር መሻማት አይደለም። ጭድን በዩሪያ አርሶ ለሦስት ሳምንት ያህል አፍኖ ማቆየትም የታወቀና ርካሽ ዘዴ ነው፤ አየር በማያስገባ ጉድጓድ የሚዘጋጀው ገፈራም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ብድር የሚመለሰው በወተትና በማድለብ ገቢ ነው። ስለዚህ የመክፈያው ጊዜ በየወሩ እኩል ከሚሆን ይልቅ የወቅቱን ገቢ ቢከተል ይሻላል። ኅዳር ላይ ተበድሮ ድርቆሽ የከመረ ሰው ዕዳውን ለመክፈል ጥር ላይ ያንኑ ድርቆሽ እንዲሸጥ ከተገደደ ብድሩ ጥቅሙን ራሱ በልቶታል።

ከሁሉ ቀላሉ እርምጃ ግን በድርቆሽ ተራ ሊጀመር የሚችለው ነው። አንድ የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በጅምላ ከሚገዛው ድርቆሽ ናሙና ወስዶ ቢያስመረምርና ዋጋውን ከፕሮቲኑ ጋር ቢያያይዝ፣ በወቅቱ የሚያጭድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥራቱ ይከፈለዋል። ያው ውጤት በማኅበሩ መዝገብ ሲቀመጥ ነገ ለብድር መኰንኑ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። የአንድ ናሙና ምርመራ ወጪ ለአንድ እስር ከባድ ነው፤ ለሺህ እስር ሲካፈል ግን ከቁጥር አይገባም።

አጎቴ ዛሬ ላም የለውም። ሦስቱንም በተከታታይ ዓመታት ሸጦ በረቱን ለመጋዘን አከራየው። በስልክ ስናወራ ስለ ስዊዘርላንድ ላሞች ይጠይቀኛል፤ በቀን ስንት ሊትር እንደሚታለቡ ሳይሆን ምን እንደሚበሉ ነው መስማት የሚፈልገው። ከዋሊሰለን መስክ አጠገብ ሆኜ ሣሩ ሳያብብ እንደሚታጨድ ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለና፣ «እኛም እናውቅ ነበር፤ የሚከፍለን ነው ያጣነው» አለኝ።